ስምሽ ሲጠራ

ጅማ፣ ሄርማታ
ጁምዓ፣ የካቲት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፊርዱዬ፣ ለታላቄ፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽልኝ? ያ የሚያቃጥልሽ ትከሻሽ ተሻለሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ግን በስልክ እንደምንባባለው «ደህና ነን» አትቁጠሪው። ቁጭ ብዬ በእጄ እየጻፍኩልሽ ስለሆነ ቀስ እያልኩ ሁሉንም እነግርሻለሁ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ! ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ፤ ሳቂ። ድምፅ ልቅረጽልሽ ብዬ ስንቴ ጀምሬ አጠፋሁት መሰለሽ። አንቺ እንደሆንሽ ገና «ሃሎ» ስል ምሳ መብላት አለመብላቴን ታውቂያለሽ። ደግሞ አዮ አጠገቤ ናት፤ የእናት ጆሮ ምንም አያመልጠውም። ቤታችንን ታውቂው የለ፣ አንዱ ጓዳ ሆኖ ሲያስነጥስ ሌላው ከደጅ «የርሐሙኪላህ» የሚልበት ቤት ነው። ስለዚህ ጎረቤታችን ፈድሊያ ለረመዳን ዑምራ ስትሄድ ጅዳ ላይ በእጇ ትሰጥሻለች። አብሮት ያለው ኮረሪማም ያንቺ ነው። ለመዳምሽ ሰጠሁ ብትዪኝ እጣላሻለሁ።

ጥያቄሽን አልረሳሁም። «መዳም የመኖሪያ ኢቃማሽን ላድስ ወይስ አላድስ እያለችኝ ነው። ረመዳን ሳያልቅ ቁርጡን ንገሪኝ፤ ለአረፋ ልምጣ ወይስ ልቅር?» ነው ያልሽኝ። ስምምነታችን ከመጀመሪያውም ያንቺው ነበር፣ እኔ ቋሚ ሥራ የያዝኩ ዕለት አንቺ ሻንጣሽን ትዘጊያለሽ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያቺን ቀን ስንጠብቅ ኖርን። መልሱን ትናንት በአንድ መስመር ጽፌልሽ ነበር፤ ከዚያ ወረቀቱን ቀደድኩት። አሁን ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ሥራዬን «ኮምፒውተር ላይ ነው» ከማለት አልፌ ነግሬሽ አላውቅም፤ አንቺም «በርቺ የኔ ኮምፒውተር» ብለሽ ታልፊዋለሽ። ከዚህ ሆኜ በኮንትራት የምሠራለት የአዲስ አበባ ድርጅት የሚሠራው በኢንተርኔት ገንዘብ መቀበያ ነው። ሱቅ ወይም ትምህርት ቤት ያለው ሰው ድረ ገጽ ሲያሠራ ከእኛ «ኪት» የሚሉትን ይወስዳል። ኪቱ አንድ ወጥ ነገር አይደለም፣ ከብዙ ቁራጭ የተገጣጠመ ነው። አንዱ ቁራጭ ስልክ ቁጥር ይቀበላል፣ አንዱ ከባንክ ጋር ይነጋገራል፣ አንዱ ደረሰኝ ይልካል። እያንዳንዱን ሞጁል ነው የሚሉት። ጥበቡ አንዱ በሌላው ጓዳ አለመግባቱ ነው። የስፌት መኪና መርፌ ቢሰበር መርፌውን ትቀይሪያለሽ እንጂ መኪናውን አትጥይም፤ እንደዚያ ነው።

የእኔ ድርሻ አንዲት ሞጁል ነበረች፣ ድጋሚ ክፍያ የምትከለክል። የጅማን ኔትወርክ ታውቂዋለሽ። ሰው «ክፈል» የሚለውን ይጫናል፣ ነገሩ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ሰውየው ይናደድና ደግሞ ይጫነዋል፤ ገንዘቡ ሁለቴ ይቆረጥበታል። የእኔ ሞጁል ያንን ሁለተኛውን ትይዛለች። ከአንድ ስልክ፣ ለአንድ ተቀባይ፣ ልኩ አንድ የሆነ ገንዘብ በአንድ ቀን ሁለቴ ከመጣ ሁለተኛው ስህተት ነው ብላ ታስቀረዋለች። ከፋዩ እንዳይደነግጥ ግን አረንጓዴ ምልክት ታሳየዋለች፣ «ተከፍሏል» ትለዋለች። መጀመሪያውኑ ተከፍሏላ! ደንቡን ያወጣው የቡድን መሪያችን ሊዮል ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ እንዳትጠይው። ብቻ ከአዲስ አበባ ወጥቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ያቺን ቁራጭ ስሠራ ክረምቱ አለቀ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፔን ይዤ ቦሳ አዲስ ሰፈር ጄነሬተር ያለው ካፌ እሮጥ ነበር። በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን ስቀመጥ አስተናጋጇ መጨረሻ ላይ ሰላምታ ነሳችኝ። ዓይኔ ደክሟል ፊርዱ። ሁለመናዬ ደክሟል። ግን ሥራዋ ደስ ትል ነበር፣ አልዋሽሽም። ተሠርታ ስትገጠም ቀጥ ብላ ገባች፣ ኪቱ ውስጥ ያለው ሌላው ነገር አልተንገጫገጨም።

መስከረም መጨረሻ ላይ ሊዮል «የምትሞክሪበት ቦታ ፈልጊ» አለኝ። እኔም እንዳዋቂ ወደ አፎሻችን ወሰድኩት። «አፎሻ ምንድን ነው?» አለኝ። «የእኛ ዕድር ነው፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ የታመመ የሚጠይቅ» አልኩት። «አሪፍ!» አለ። የአጋሮና የየቡ አፎሻዎችም በእኔ በኩል ገቡ። የእኛዋ ሊቀመንበር አዴ ሶረቲ ደስታቸውን ብታዪ! በየወሩ እሑድ ስም መጥራት፣ ብር መቀበል፣ መሟገት ጉሮሯቸውን ጨርሶታል። «በስልክ ከከፈላችሁ ምን አስጮኸኝ» ብለው ከጥቅምት ጀምሮ ስም መጥራቱን ተዉት።

ያ ስም መጥራት ትዝ ይልሻል አይደል? ዐረብ አገር ያሉት ሲጠሩ ከቤተሰባቸው አንዱ «አለች» ይላል። አዮ በየወሩ፣ ዝናብ ይሁን ፀሐይ፣ ነጠላዋን አድርጋ ትሄድና «ፊርዶስ ሸኩር» ሲባል «አለች!» ትላለች። ሌላ ቦታ ድምፅዋ አይሰማም፣ እዚያ ላይ ግን መንደሩን ታናውጠዋለች። ይሄ ሲቀር ምንም አላለችም። እኔም ልብ አላልኩትም።

አሁን ጉዱን ስሚ። ከአፎሻችን ሴቶች ስማርት ስልክ ያላት ስንቷ ናት? ስለዚህ የሌላት ላላት ትሰጣለች። ልብስ ሰፊዋ ንግስት ለራሷና ለአራት ጎረቤቶቿ በአንድ ስልክ ትከፍላለች። እኔ ለአዮ ከፍዬ ወዲያው ላንቺ እከፍላለሁ። ሁላችንም ጋ አረንጓዴ ይመጣል። ማን ይጠራጠራል?

ጥር መግቢያ ላይ እሑድ ተሰበሰብን። አዴ ሶረቲ መነጽራቸውን አድርገው «ሦስት ወር ያልከፈሉ በደንባችን ወጥተዋል» አሉና አምስት ሴቶች ጠሩ። አራቱ የንግስት ጎረቤቶች ናቸው። መጨረሻ ላይ «ፊርዶስ ሸኩር፣ ወጥታለች» አሉ።

አዮ ተነሳች። ጉልበቷን እያወቅሽው፣ ማንም ሳይደግፋት ብድግ አለች። «ማል ጄቱ፣ አዴ ሶረቲ? ምንድን ነው የሚሉት? ልጄ የት ነው የወጣችው? ሞታ ነው? ሞታ ከሆነ ለምን ለእኔ አልተነገረኝም?»

ወላሂ ፊርዱ፣ ያን ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አላወጣሁትም።

ከዚያ ደግሞ ሁሉም ንግስት ላይ ወረደባት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ትናንት ቀሚስ በዱቤ የሰፋችላቸው ሳይቀሩ «ብራችንን በላሽው» አሏት። እሷ ስልኳን ወደ ላይ ይዛ «በማተቤ! በማተቤ ከፍያለሁ! ይኸው አረንጓዴው!» ትላለች። አንዷ «አረንጓዴውን ስንሞት ድንኳን አድርገሽ ትተክይልናለሽ?» አለቻት። ንግስት ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ለካ በየወሩ ሳይቆረጥ ስልኳ ላይ የሚተርፈውን ገንዘብ ሹፌሩ ባሏ የጨመረላት መስሏት ኖሯል፤ ሚስኪን፣ ደስ ብሏት ነበር እኮ። እኔ ደግሞ ሒሳቤን ማየት ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ምን ልይ ብዬ!

አረንጓዴውን ሳይ ነገሩ ገባኝ። «ንግስት አልበላችም» አልኩ ተነሥቼ። «ማሽኑ ነው። እኔ የሠራሁት ነው። ሁለተኛውን ሰው ድጋሚ እየመሰለው ይጥለዋል።»

«ማሽኑ ነው ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ አዴ ሶረቲ። «ማሽኑ የማን ልጅ ነው? አፎሻ አለው?»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ገብቶሻል አይደል? አዮን ተቀበላትና አንቺን የእሷ ድጋሚ አድርጎ ጣለሽ። በየወሩ። እኔ በሠራሁት፣ በእኔው ስልክ።

አዴ ሶረቲ የንግስትን ስልክ አገላብጠው ካዩ በኋላ የአምስታችሁንም ስም መለሱ፤ ያልደረሰውን ገንዘብ በእጅ ሰጠን። ንግስትንም ሴቶቹ በየተራ ይቅርታ ጠየቋት። እሷ ግን እስከ ዛሬ ክፈይልን ሲሏት «ልብስ ካላችሁ አምጡ» ብላ ትመልሳለች።

በማግስቱ ሊዮል ጋ ደወልኩ።

«አንድ ስልክ አንድ ሰው ነው፣ ነኢማ» አለኝ።

«እኛ ጋ አንድ ስልክ አንድ ሰፈር ነው» አልኩት።

«ሞጁሉ እኮ ስለ አፎሻ ማወቅ የለበትም። ለዚያ ነው ሞጁል የሆነው።»

«ስለ አፎሻ አይወቅ! ‹ለማን ነው?› ብሎ ይጠይቅ ብቻ። አንዲት ጥያቄ ናት ሊዮል።»

እሱ ግን ሮብ ዕለት ትልልቅ ደንበኞች ኪቱን ሊያዩት እንደሆነ፣ አሁን አንድ ነገር ከተነካ ሁሉም ከመጀመሪያው እንደሚፈተሽ ነገረኝ። «‹ተሞክሯል፣ እንከን የለበትም› ብለሽ ፈርሚልኝ። ለሚቀጥለው እናስተካክለዋለን። ቋሚ ቅጥርሽም እኮ ከዚሁ ጋር ነው ያለው» አለኝ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እሱም በላዩ ሰው አለበት፣ ድምፁ ራሱ የተኛ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ፊርዱዬ፣ ልፈርም ነበር። ሻንጣሽ ታየኝ። ለአረፋ ከአውቶቡሱ ስትወርጂ፣ የሰፈር ልጆች «መጣች! መጣች!» ሲሉ፣ አዮ ደጃፍ ላይ ቆማ። ከዚያ ደግሞ «ወጥታለች» የሚለው ጆሮዬ ላይ መጣ። አንቺን ለማምጣት ብዬ አንቺን ያወጣሽን ነገር «እንከን የለበትም» ልበል? እምቢ አልኩ። ጀግና ሆኜ እንዳይመስልሽ፣ ደክሞኝ ነው። ሰው ሲደክመው ለመዋሸትም ጉልበት ያጣል።

ጥያቄዋን ራሴ ጨምሬ፣ ሞክሬ ላክሁላቸው። ለደንበኞቹ አሮጌውን አሳዩ። ብዙም ሳይቆይ የአጋሮ ሴቶችም ስማቸው ወጥቶባቸው በቁጣ ደወሉላቸው፣ የየቡዎቹም ተከተሉ። አዲስ አበባ የአጋሮ ሴት ስትቆጣ ሰምቶ አያውቅማ! ወዲያው የእኔን አወጡና ገጠሙት። ሊዮል ደውሎ «ልክ ነበርሽ» አለኝ። እኔም ሞኟ ልቤ ዘለለ። ቀጥሎ «ቋሚው ቦታ ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ ኮንትራትሽም ጥር መጨረሻ ላይ ያበቃል። በርቺ እሺ?» አለ። በርቺ! ይቺን ቃል የፈጠራት ሰው ደክሞት አያውቅም መሰለኝ።

ስለዚህ ሥራ የለኝም። ይኸው ተናገርኩት። አዮ አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ላፕቶፔን አንግቼ እወጣለሁ፣ ያቺው ካፌ እቀመጣለሁ። አንድ የአጋሮ ቡና ነጋዴ ድረ ገጽ ሥሪልኝ ብሎኛል፤ «ሌላ ሰውም አመጣልሻለሁ» ይላል፣ ኢንሻአላህ። ትናንት የቀደድኩት ወረቀት ላይ ምን እንደነበረ አሁን ገምተሽዋል። «ኢቃማሽን አሳድሺ» ነበር የሚለው። በስምምነታችን ከሄድን መልሱ እሱ ነው።

ግን ያለፈውን እሑድ ልንገርሽ። አዴ ሶረቲ ስም መጥራቱን መልሰውታል። «ማሽኑ ዳነ አልዳነ እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሰውን በዓይኔ አይቼ በጆሮዬ ልስማ» ብለዋል። አዮ አልሄደችም። ጉንፋን ይዟታል። ስትደውይ ስለ ጉንፋኑ እንዳትጠይቂያት፣ ጠያቂ ሲበዛባት ትቆጣለች። ሐኪም ቤት ወስጃታለሁ፤ ዶክተሩ እኔን ብቻዬን አስቀርቶ አነጋገረኝ፣ ዕድሜ ነው፣ ምንም አይደለም። ትንሽ ሳስታለች። ከአልጋዋ እስከ ደጅ ግድግዳውን ይዛ ትሄዳለች። ጠዋት ጠዋት እኔን «ፊርዶስ» ብላ ትጠራኛለች፤ እኔም አላርማትም፣ አቤት እላለሁ።

እናም ብቻዬን ሄድኩ። የአዮ ስም ተጠራ፣ «አለች» አልኩ። ትንሽ ቆይቶ «ፊርዶስ ሸኩር» ተባለ። ደግሜ «አለች» አልኩ። አዴ ሶረቲ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ነኢማ፣ አንድ አፍ ለስንት ሴት ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ስንወጣ መስጂዱ አጥር ጥግ ቆሜ አለቀስኩ። ሰሞኑን እንባዬ ቅርብ ነው። «እንኳን እናቴ ሞታ» የሚሉትን ተረት ልጽፍልሽ ነበር፣ ተውኩት፤ አፌ ላይም አይምጣ።

ብዙ አሰብኩበት ፊርዱ። ሥራ ይዤ ብጠራሽ ምንኛ ደስ ባለኝ። የለኝም። ቢሆንም ኢቃማሽን አታሳድሺ። ነይ። ለአረፋ አትበዪ፣ መዳምሽ ቀድማ ከለቀቀችሽ ቀድመሽ ነይ። ምን እንበላለን ብለሽ እንዳትጨነቂ፤ የምንቸገር ከሆነ አንድ ላይ እንቸገራለን፣ ለመቸገር ጅዳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። እኔ ብቻዬን አልቻልኩም። ይሄን ነው በድምፅ ልነግርሽ ያቃተኝ።

ትናንት የወሩን አፎሻ ከፈልኩ። መጀመሪያ የአዮን። ከዚያ በዚያው ስልክ፣ ያንኑ ልክ፣ ያንቺን። «ለማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ያቺው የእኔ ጥያቄ። ስምሽን ጻፍኩ። ሁለት ደረሰኝ መጣ። አንዱ ላይ የአዮ ስም፣ አንዱ ላይ ያንቺ።

ለዚያች ትከሻሽ አሏህ ሺፋ ያድርግልሽ። የመዳምሽን ልብ ያራራልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ በሰላም ወጥተሽ በሰላም ለቤትሽ ያብቃሽ። በረመዳን ዱዓሽ ለአዮ ጸልዪላት፣ ቀድመሽ ለእሷ። ፈድሊያ ስትመለስ መልስ አትላኪብኝ፤ አንቺው ራስሽ አብረሻት ብትመጪ ነው የምፈልገው።

አፎሻው ከአረፋ በኋላ ባለው እሑድ ይሰበሰባል። እስከዚያ ለአዮም ላንቺም እመልሳለሁ። ያን ዕለት ግን «ፊርዶስ ሸኩር» ሲሉ እኔ ዝም እላለሁ።

እህትሽ
ነኢማ ሸኩር